የሞሊብዲነም ኦክሳይድ ገጽና የጋዝጊብላ የባቄላ ማሳ

መግቢያ

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በጋዝጊብላ ወረዳ ደጋማ ማሳዎች ባቄላ፣ አተርና ምስር ከገብስና ከስንዴ ጋር እየተፈራረቁ ይዘራሉ። ይህ ልማድ ሁለት ጥቅም አለው። በአንድ በኩል ጥራጥሬው፣ ሥጋና ወተት አዘውትሮ ለማያገኝ ቤተሰብ ዋነኛው የፕሮቲን ምንጭ ነው። በሌላ በኩል ከአየር የተወሰደ ናይትሮጅን በአፈሩ ውስጥ ትቶ ስለሚያልፍ ለቀጣዩ ሰብል ማዳበሪያ ይሆናል። ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የተገባው አገር አቀፍ ቃል ኪዳን በዚሁ አስተዳደር ከተማ በሰቆጣ ስም መጠራቱ፣ በአካባቢው የአንድ እፍኝ ባቄላ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ያመለክታል።

ሁለቱም ጥቅሞች መጠኑ እጅግ አነስተኛ የሆነ አንድ ንጥረ ነገር ይሻሉ፤ እርሱም ሞሊብዲነም ነው። የአቶም ቁጥሩ 42 የሆነው ይህ ብረት አስተኔ ንጥረ ነገር በተፈጥሮ ብቻውን አይገኝም፤ ከሰልፈር ወይም ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ይኖራል። ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ቪልሄልም ሼሌ በ1778 እ.ኤ.አ. ሞሊብዴናይት ከተባለው ማዕድን ኦክሳይዱን አዘጋጀ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የአገሩ ሰው ፒተር ያኮብ ይልም ንጥረ ነገሩን ከኦክስጅን ለይቶ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ኦክሳይዱ በፋብሪካ፣ በቤተ ሙከራና በእርሻ ብዙ አገልግሎት አግኝቷል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ እውነት ይደጋገማል፦ ወሳኙ የሞሊብዲነሙ መጠን ብቻ አይደለም፤ በገጽ ላይ ከኦክስጅን ጋር ያለው ትስስር ሲላላና ሲጠብቅ የሚሆነው ነገር፣ እንዲሁም የአካባቢው አሲዳማነት ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ጠባይ ከክሪስታሉ አንሥቶ እስከ ባቄላው ሥር ድረስ ያብራራል።

የክሪስታሉ አወቃቀር

ንጹሕ የሞሊብዲነም ትራይኦክሳይድ፣ ማለትም አንድ የሞሊብዲነም አቶም ለሦስት የኦክስጅን አቶሞች ድርሻ ያለው ውሁድ፣ ወደ ቢጫና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነጭ ዱቄት ነው። ሲሞቅ ቢጫነቱ ይደምቃል፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። በ795 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። ነገር ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሙቀቱ 700 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ እንፋሎት መለወጥ ይጀምራል። ይህ እንፋሎት በቀዝቃዛ ቦታ ሲያርፍ መርፌና ስስ ቅጠል የሚመስሉ ክሪስታሎች ይሆናል።

በክሪስታሉ ውስጥ እያንዳንዱ የሞሊብዲነም አቶም በስድስት የኦክስጅን አቶሞች ተከቧል፤ ርቀታቸው ግን እኩል አይደለም። እነዚህ ስምንት ገጽ ያላቸው ቅርጾች ጠርዝ ለጠርዝና ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው 0.7 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው ንጣፍ ይሠራሉ። ንጣፎቹ በመሶብ ውስጥ እንደ ተነባበረ እንጀራ አንዱ በሌላው ላይ ያርፋሉ። በአንድ ንጣፍ ውስጥ ያለው ትስስር ጠንካራ ሲሆን በንጣፍና በንጣፍ መካከል ያለው መሳሳብ ደካማ ነው። ስለዚህ ክሪስታሉ በንጣፎቹ መካከል በቀላሉ ይላጣል፤ ሌሎች አዮኖችም በዚያው ክፍተት ሊገቡ ይችላሉ።

የኦክስጅን አቶሞቹም ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከአንድ ሞሊብዲነም ጋር ብቻ በአጭርና በጠንካራ ትስስር የተያያዘ ነው፤ ሁለተኛው ሁለት ሞሊብዲነሞችን እንደ ድልድይ ያገናኛል፤ ሦስተኛው ለሦስት ሞሊብዲነሞች የጋራ ነው። ክሪስታሉ ሲላጥ ወደ ውጭ የሚታየው ሰፊ ገጽ በአንደኛው ዓይነት ኦክስጅን የተሸፈነ ነው። በዚህ ገጽ ላይ የሞሊብዲነሙ የትስስር ፍላጎት ስለተሟላ ገጹ ከጎኖቹ ጋር ሲነጻጸር የተረጋጋ ነው። በንጣፉ ጠርዝና በተሰበረ ጫፍ ላይ ግን አጠገባቸው ኦክስጅን የጎደላቸው የሞሊብዲነም አቶሞች ይገኛሉ፤ ውሃንና አልኮልን የመሳሰሉ ሞለኪውሎች በቀላሉ የሚያርፉት በእነዚህ ላይ ነው። ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት የኦክሳይድ ናሙናዎች፣ አንዱ ሰፋፊ ቅጠል ሌላው ጥቃቅን መርፌ ቢሆን፣ በኬሚካል ለውጥ ፍጥነታቸው የሚለያዩት ስለዚህ ነው።

ኦክስጅን የሚሰጥና የሚቀበል ገጽ

የዚህ ኦክሳይድ ዋነኛ ባሕርይ ኦክስጅኑን አሳልፎ መስጠት መቻሉ ነው። በሃይድሮጅን ጋዝ ውስጥ ሲሞቅ ሃይድሮጅኑ የገጹን ኦክስጅን ወስዶ ውሃ ይሆናል፤ ነጩ ኦክሳይድም በመጨረሻ ወደ ቡናማ ሐምራዊ ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። በሁለቱ መካከል ኦክስጅናቸው በጥቂቱ የጎደለ በርካታ ውሁዶች አሉ። እነዚህም አወቃቀራቸውን ባጠናው ስዊድናዊ ኬሚስት በአርኔ ማግኔሊ ስም ይጠራሉ።

አንድ የኦክስጅን አቶም ቦታውን ለቅቆ ሲሄድ ሁለት ኤሌክትሮኖች ወደ ኋላ ይቀራሉ። ኤሌክትሮኖቹ በአቅራቢያው ባሉ ሞሊብዲነሞች ላይ ሲያርፉ የሞሊብዲነሙ የኦክሲዴሽን ቁጥር ከ6 ወደ 5 ወይም ወደ 4 ይወርዳል። ኤሌክትሮን ከአንዱ ሞሊብዲነም ወደ ጎረቤቱ ሲዘል ቀይ ብርሃንን ስለሚመጥ ነጩ ነገር ሰማያዊ ይሆናል። የሃይድሮጅን አዮኖች በንጣፎቹ መካከል ሲገቡም ተመሳሳይ ሰማያዊ ቀለም ይታያል። ይህ ሰማያዊነት ኋላ ለሚብራራው የአፈር ምርመራ መሠረት ነው።

ገጹ የሰጠውን ኦክስጅን መልሶ ከአየር መውሰድ ይችላል። ማርስና ቫን ክሬቨለን የተባሉት ተመራማሪዎች በ1954 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ማብራሪያ ይህንኑ ዑደት ይገልጻል፦ ወደ ገጹ የመጣው ሞለኪውል ኦክስጅን የሚያገኘው በቀጥታ ከአየር ሳይሆን ከክሪስታሉ ነው፤ ክሪስታሉ ደግሞ የጎደለውን ከአየር ይተካል። ሜታኖልን ወደ ፎርማልዲሃይድ የሚለውጡት የብረት ሞሊብዴት ካታሊስቶች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። በኢትዮጵያ ገበያ ችፑድ ተብሎ የሚሸጠውን ዓይነት ጣውላ ለማጣበቅ የሚያገለግሉ ሙጫዎችም ከፎርማልዲሃይድ ይዘጋጃሉ።

ክሪስታሉ በውሃ፣ በቤዝና በአሲድ ውስጥ

ክሪስታሉ በውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ በተራ የክፍል ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው 1 ግራም ያህል ብቻ ነው። ቤዝ ሲጨመርበት ግን ንጣፎቹ ከጠርዛቸው ጀምረው ይፈርሳሉ፤ እያንዳንዱ ሞሊብዲነምም አራት ኦክስጅኖችን ይዞ፣ ሁለት አሉታዊ ሙል ተሸክሞ፣ ሞሊብዴት የተባለ አዮን ሆኖ ይወጣል። ተክሎች ከአፈር የሚወስዱት ይህንን አዮን ነው።

አሲድ ሲጨመር ሂደቱ ይገለበጣል። በቂ ሞሊብዴት ባለበት ውህድ ውስጥ አዮኖቹ ኦክስጅን እየተጋሩ ሰባት ወይም ስምንት ሞሊብዲነሞችን ወደያዙ ስብስቦች ይለወጣሉ። በአፈር ውሃ ውስጥ ግን ሞሊብዴቱ እጅግ ቀጭን ስለሆነ እርስ በርሱ አይሰበሰብም፤ የሚያገኘው ጎረቤት የአፈር ቅንጣት ገጽ ነው። ስለዚህ አሲድ በቤተ ሙከራና በማሳ የተለያየ ውጤት አለው፤ በመጀመሪያው ሞሊብዲነምን ያሰባስባል፣ በሁለተኛው ያስረዋል።

ሰማያዊው የፎስፈረስ ምርመራ

የአሲዱ ማሰባሰብ ጠቃሚ የሚሆነው በአፈር ምርመራ ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም በአፈር ቤተ ሙከራዎች የፎስፈረስን መጠን ለመለካት በስፋት የሚሠራበት ዘዴ መርፊና ራይሊ በ1962 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ከአፈር በተጨመቀው ውህድ ላይ አሞኒየም ሞሊብዴትና አሲድ ሲጨመሩ በእያንዳንዱ የፎስፌት አዮን ዙሪያ 12 የሞሊብዲነም ኦክሳይድ ቅርጾች ይሰበሰባሉ። ቀጥሎ አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም ቫይታሚን ሲ፣ ለስብስቡ ኤሌክትሮን ይሰጠዋል፤ ውህዱም ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙ በ880 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ሲለካ የፎስፈረሱ መጠን ይታወቃል።

ዘዴው ቀላል ቢሆንም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአሲዱና የሞሊብዴቱ መጠን ካልተመጣጠነ ፎስፌት በሌለበትም ቀለም ሊፈጠር ይችላል፤ በአፈሩ ውስጥ አርሴኔት ካለም እንደ ፎስፌት ሆኖ ሰማያዊ ቀለም ይሰጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የምርመራ ዙር ባዶ ናሙናና መጠኑ የታወቀ ናሙና አብረው መለካት አለባቸው። ገበሬው የሚገዛው የማዳበሪያ መጠን በዚህ ቀለም ድምቀት ላይ ሊመሠረት ስለሚችል፣ በቤተ ሙከራ የተሳተ ልክ ከገበሬው ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ይሆናል።

በአፈር ቅንጣት ገጽ ላይ

የዋግ ደጋማ መሬት ባዛልት በተባለው የእሳተ ገሞራ አለት የተሸፈነ ነው። ባዛልት ለረዥም ዘመን በዝናብና በሙቀት ሲፈራርስ ሸክላና የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶች ይተዋል፤ ለአፈሩ ቀይና ቡናማ መልክ የሚሰጡት የብረቶቹ ኦክሳይዶች ናቸው። የእነዚህ ቅንጣቶች ገጽ ኦክስጅንና ሃይድሮጅንን በያዙ ጥንዶች የተሸፈነ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ጥንዶቹ ተጨማሪ ሃይድሮጅን ይቀበሉና ገጹ አዎንታዊ ሙል ይይዛል። አሉታዊ ሙል ያለው ሞሊብዴት ወደ ገጹ ይሳባል፤ ከዚያም ጥንዶቹን አስለቅቆ ከብረቱ ጋር በኦክስጅን በኩል በቀጥታ ይጣመራል።

ይህ መያዝ ከፍተኛ የሚሆነው ፒኤች 4 አካባቢ ነው። ፒኤቹ እየጨመረ ሲሄድ የገጹ ሙል ወደ አሉታዊ ያዘነብላል፤ ሞሊብዴቱም ይለቀቃል። በአፈር ኬሚስትሪ የሚሠራበት ግምት እንደሚያሳየው ፒኤች በ1 ሲጨምር በአፈር ውሃ ውስጥ የሚገኘው ሞሊብዴት እስከ 100 እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ይህ የብረት፣ የማንጋኒዝ፣ የዚንክና የመዳብ ተቃራኒ ነው፤ እነዚያ በአሲዳማ አፈር ይበልጥ ሲሟሙ ሞሊብዲነም በዚያው አፈር ይታሰራል።

የመጠኑን ነገር ቀላል ስሌት ግልጽ ያደርገዋል። አንድ ሄክታር መሬት እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት 2.4 ሚሊዮን ኪሎግራም ያህል አፈር ይይዛል። በእያንዳንዱ ኪሎግራም አፈር 1 ሚሊግራም ሞሊብዲነም ቢኖር በሄክታሩ 2,400 ግራም ይኖራል ማለት ነው። በአንጻሩ 4,000 ኪሎግራም ደረቅ ክብደት ያለው ሰብል በኪሎግራም 0.5 ሚሊግራም ቢይዝ ከአፈሩ የሚወስደው 2 ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ በአፈሩ ያለው ከሚፈለገው ከሺህ እጥፍ በላይ ሆኖ ሳለ ተክሉ ሊቸገር ይችላል። ጥያቄው ሞሊብዲነም አለ ወይስ የለም ሳይሆን፣ ያለው በምን ተይዟል የሚለው ነው።

በባቄላው ሥር እባጭ ውስጥ

ሞሊብዴት ወደ ባቄላው ሥር ሲገባ ዋነኛ መድረሻው ራይዞቢየም የተባሉት ባክቴሪያዎች የሚኖሩባቸው እባጮች ናቸው። ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጂኔዝ በተባለ ኢንዛይም የአየርን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ይለውጣሉ። በኢንዛይሙ እምብርት አንድ ሞሊብዲነም፣ ሰባት ብረት፣ ዘጠኝ ሰልፈርና አንድ ካርቦን የያዘ ስብስብ አለ። በፋብሪካ ይህንኑ ለውጥ ለማካሄድ ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ ያላነሰ ሙቀትና ከመቶ በላይ የከባቢ አየር ግፊት ያስፈልጋል፤ በባቄላ ሥር ግን በማሳው ሙቀት ይከናወናል።

ሞሊብዲነም ሲጎድል ባቄላው የናይትሮጅን እጥረት ምልክት ያሳያል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ እድገቱም ይጓተታል። ምልክቱ ራሱን የሞሊብዲነምን ስም አይናገርም። አንድ ቀላል መለያ እባጩን በምላጭ ሰንጥቆ ውስጡን ማየት ነው። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ናይትሮጅን እየተያዘ ነው፤ ነጭ፣ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራው አልተጀመረም ወይም ቆሟል። አውስትራሊያዊው ተመራማሪ አንደርሰን በ1942 እ.ኤ.አ. በደቡብ አውስትራሊያ የግጦሽ መሬት ላይ እንዳሳየው፣ ለዓይን የማይሞላ የሞሊብዲነም መጠን የደከመን የጥራጥሬ ዘር ግጦሽ መልሶ ሊያለመልም ይችላል።

ማዳበሪያ፣ ኖራና ዘር

በኢትዮጵያ ዳፕ በኤንፒኤስ መተካቱ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ አዲስ ነገር ጨምሯል። ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅንና 46 በመቶ የፎስፈረስ ኦክሳይድ ሲይዝ፣ ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ የፎስፈረስ ኦክሳይድና 7 በመቶ ሰልፈር ይይዛል። ፎስፌት በአፈር ቅንጣት ገጽ ላይ የሞሊብዴትን ቦታ ስለሚሻማ የታሰረውን ያስለቅቃል። ሰልፌት ግን በቅርጹ ሞሊብዴትን ስለሚመስል በሥሩ በር ላይ ይሻማዋል። ሰልፈር ለባቄላም አስፈላጊ በመሆኑ ይህ ኤንፒኤስን የመተው ምክንያት አይሆንም፤ ሆኖም ሞሊብዲነም በታሰረበት አሲዳማ ማሳ ላይ እጥረቱን ሊያባብስ እንደሚችል ማወቅ ይገባል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ኖራ ነው። ኖራ የአፈሩን ፒኤች ሲያሻሽል በዚያው ያለውን ሞሊብዲነም ይፈታል፤ ፎስፈረስንም ያግዛል፤ የአሉሚኒየምን መርዛማነትም ይቀንሳል። ነገር ግን ኖራ በሄክታር በኩንታሎች የሚቆጠር ጭነት ነው፤ ተራራማ በሆነ ወረዳ እስከ ማሳው ማድረስ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ፒኤቹ አስቀድሞ ሳይለካ መጨመሩም ተገቢ አይደለም። በተራራማ አካባቢ ዝናብ፣ ተዳፋትና የአፈር ጥልቀት በአጭር ርቀት ስለሚለያዩ የአንዱ ማሳ ልክ ለጎረቤቱ አይሠራም።

ሁለተኛው መንገድ ዘሩን በሞሊብዲነም ማከም ነው። ለዚህ በተለምዶ የሚበቃው በሄክታር ከ50 እስከ 100 ግራም ሞሊብዲነም ነው፤ ይህም በእጅ መዳፍ የሚያዝ መጠን ነው። እዚህ ላይ የክሪስታሉ ጠባይ ተመልሶ ይመጣል። ሶዲየም ሞሊብዴት በቀላሉ ስለሚሟሟ ራይዞቢየም በተለወሰ ዘር ላይ ሲደረግ ባክቴሪያዎቹን ሊጎዳ ይችላል። በውሃ እምብዛም የማይሟሟው ትራይኦክሳይድ ግን ቀስ በቀስ ስለሚለቀቅ በእንዲህ ዓይነት ዘር ላይ ተመራጭ ነው። በኢንዱስትሪ እንደ ድክመት የሚታየው አለመሟሟት በዘሩ ላይ ጥበቃ ይሆናል።

ሦስተኛው ጉዳይ የዘሩ ምንጭ ነው። ባቄላ ትልቅ ዘር ስለሆነ ከእናት ተክሉ የወረሰውን ሞሊብዲነም ይዞ ይበቅላል፤ ይህ ስንቅ የወቅቱን ፍላጎት በከፊል ወይም በሙሉ ሊሸፍን ይችላል። ገበሬው ከዓመት ዓመት ከራሱ ማሳ ዘር የሚያስቀር ከሆነና ማሳው አሲዳማ ከሆነ ግን ስንቁ በየትውልዱ እየሳሳ ይሄዳል። በአንጻሩ አሲዳማ ካልሆነ ማሳ የተገኘ ዘር፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ የተሻለ ስንቅ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዘር መለዋወጥ በኬሚስትሪ ዓይን ሲታይ ሞሊብዲነም መለዋወጥም ነው።

መጠኑን ማብዛት ግን ጉዳት አለው። የባቄላና የአተር ገለባ ለከብትና ለበግ ስለሚቀርብ በገለባው ውስጥ የበዛ ሞሊብዲነም በእንስሳቱ ጨጓራ ከሰልፈር ጋር ተጣምሮ መዳብን ያስራል። በእንግሊዝ በሰመርሴት የከብቶች የማያቋርጥ ተቅማጥ ምክንያት ይኸው እንደሆነ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ታውቋል። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆም በከብቶችና በበጎች ላይ የመዳብ እጥረት መኖሩ በምርምር ተመዝግቧል። ስለሆነም ሞሊብዲነም ፒኤቹ ከፍ ባለ ማሳ ላይ፣ ወይም በየዓመቱ በዘፈቀደ የሚጨመር ነገር አይደለም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተብራራው ለጋዝጊብላና ለመሰል ደጋማ ወረዳዎች ግልጽ የሥራ ቅደም ተከተል ይሰጣል። መጀመሪያ የማሳው ፒኤች ይለካ። ከ5.5 በታች በሆነ ማሳ ላይ በአበባ ወቅት የባቄላው እባጮች ተሰንጥቀው ይታዩ። ውስጣቸው ቀይ ካልሆነ አራት ትናንሽ መደቦች ጎን ለጎን ቢዘሩ መልሱ በአንድ ክረምት ይገኛል፦ አንዱ ምንም ሳይጨመርበት፣ ሁለተኛው በኖራ፣ ሦስተኛው በትራይኦክሳይድ በታከመ ዘር፣ አራተኛው በሁለቱም። ሦስተኛው መደብ እንደ ሁለተኛው ከለመለመ ችግሩ የሞሊብዲነም ነው፤ ከኩንታሎች ኖራ ይልቅ ጥቂት ግራም ዱቄት ለጊዜው ይበቃል። ሁለተኛው ብቻ ከለመለመ ችግሩ አሉሚኒየም፣ ፎስፈረስ ወይም ሌላ የአሲዳማነት መዘዝ ስለሆነ ኖራው አይቀሬ ነው። የትኛውም ካልለመለመ ምክንያቱ ከአሲዳማነቱ ውጭ ሊሆን ስለሚችል በባክቴሪያው፣ በውሃው ወይም በበሽታ በኩል ይፈለግ።

በሰቆጣ የሚገኘው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከልና በክልሉ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለውን ሙከራ ከገበሬዎች ጋር ለማካሄድ ውድ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልገው ፒኤች መለኪያ፣ ምላጭ፣ ትንሽ ሚዛንና አንድ የክረምት ወቅት ነው።